የቤታችን ቁልፍ በስልካችን ውስጥ ነው

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በሦስት አባላት ስም የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ሥራ ላይ ለነበራችሁ እህቶች እንዲደርሳችሁ እንደተነገረ አትመነዋል።



ይህን ርዕስ እንድናቀርብ ስንጠየቅ አመንትተን ነበር። ሦስታችንም የኮምፒውተር ባለሙያዎች አይደለንም። አንዷ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በነርስ ረዳትነት ትሠራለች፣ አንዷ ቤቷ ውስጥ ሕፃናት ትይዛለች፣ አንዷ ጡረታ ወጥታ የልጅ ልጆቿን ትጠብቃለች። የሚያገናኘን አንድ ነገር ነው፤ ሦስታችንም ቤዝመንታችንን ወይም ትርፍ ክፍላችንን በኢንተርኔት ለእንግዳ እናከራያለን።

እዚህ ከተቀመጥነው መካከል እንዲህ የምናደርግ ብዙ ነን። በሲልቨር ስፕሪንግም፣ በአሌክሳንድሪያም፣ በዲሲም ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ያቺ ክፍል የሞርጌጁን ግማሽ ትከፍላለች። አገር ቤት ላለች እናት የምትላከው ከእሷ ነው፤ የማኅበራችን መዋጮም ለአንዳንዶቻችን ከዚያው ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለ ስልክና ስለ ኮምፒውተር ይምሰል እንጂ ስለ እንጀራችን ነው።

በታሪክ እንጀምር።

ባለፈው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ የቼሪ አበባ ለማየት ሰው ከየአቅጣጫው ወደ ዲሲ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ አንዲት የማኅበራችን አባል ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቤቷ ገባች። ስልኳን ስትከፍት ኢሜይል ቆይቷታል። የኪራይ ኩባንያው ምልክት አለበት፣ ቀለሙም ያው የምታውቀው ነው። «አንድ እንግዳ ስለ ቤትዎ ደህንነት ቅሬታ አቅርቧል። በ24 ሰዓት ውስጥ ማንነትዎን ካላረጋገጡ ቤትዎ ለእንግዶች መታየቱ ይቆማል» ይላል። በዚያ ሰሞን ቤቱ ከታገደ የሦስት ሳምንት ገቢ ቀረ ማለት ነው። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሊንኩን ነካች። የምታውቀው ዓይነት ገጽ ተከፈተ። ኢሜይሏንና የይለፍ ቃሏን ጻፈች። ወዲያው በስልኳ ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ መጣላት፤ ገጹም ኮዱን ጠየቃት፣ አስገባች። «እናመሰግናለን፣ ተረጋግጧል» አላት። እፎይ ብላ ተኛች።

እሷ ተኝታ ሳለ ሌባው በእሷ ስም ገባ። መጀመሪያ ገንዘቧ የሚገባበትን የባንክ ቁጥር በራሱ ቀየረ። ቀጥሎ ገና ለሚመጡት እንግዶች በእሷ ስም መልእክት ጻፈ። ከአምስት ቀን በኋላ መግባት የነበረበት 1,640 ዶላር አልገባም። ዓርብ ማታ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ልጆች የያዙ ባልና ሚስት በሯን አንኳኩ። «ያዘዙንን ተጨማሪ 600 ዶላር ማስያዣ በላኩልን ሊንክ ከፍለናል፤ ስንወጣ ይመለስልናል አይደል?» አሏት። ምን እንደምትመልስላቸው ጠፋት።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ግን ለማንም አልተናገረችም። «እንዴት እንዲህ ተሞኘሁ!» እያለች ለባሏም፣ ለልጆቿም፣ ለእኛም ሳትነግር ዘጠኝ ቀን ብቻዋን ታገለች። በዘጠኙ ቀን ውስጥ ሌባው ለሌሎች ሁለት እንግዶችም ጻፈ። ነገሩን በመጨረሻ ስታመለክት ከጠፋው ገንዘብ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ ግን አንዴ ሄዷል። ለዚያ ቤተሰብ ግማሹን ከኪሷ ከፈለች። ዛሬም ድረስ ግን «ከገንዘቡ ይልቅ ያመመኝ፣ በሬ ላይ ቆመው ያዩኝ አስተያየት ነው» ትላለች።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቃችሁ ብትሉን፣ ያቺ ሴት ከሦስታችን አንዷ ስለሆነች ነው። የትኛዋ እንደሆነች አንናገርም። ከሦስታችን በማናችንም ላይ ሊደርስ ይችል ስለነበር፣ «እኛ» ብለን መናገሩን መርጠናል።

አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። በዚያ የኪራይ አካውንት ውስጥ ምን ምን አለ? ብዙዎቻችን «የቤቴ ፎቶና ዋጋው» ብለን እናስባለን። ቆጠራ ስናደርግ ግን ሌላ ነገር አገኘን። የቤታችን አድራሻ አለ። የበሩ ኮድ ወይም ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ የጻፍንበት መልእክት አለ። ገንዘባችን የሚገባበት ባንክ አለ። ለግብር የሰጠነው መረጃ አለ። የእንግዶቻችን ስም፣ የሚመጡበትና የሚሄዱበት ቀን አለ። ለዓመታት በላብ ያገኘነው ኮከብና ምስጋና አለ። ያንን አካውንት የያዘ ሰው የቤቱን ቁልፍ ይዟል፤ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ቀንም ያውቃል። ሰው በሩን በሁለት ቁልፍ ቆልፎ ሲያበቃ ይህኛውን ክፍት ትቶት ሊተኛ ይችላል።

ሌቦቹ በሩን ሰብረው አይገቡም። ፊሺንግ የሚሉት ዓሣ እንደማጥመድ ነው፤ ምግብ አስመስለው መንጠቆ ይጥላሉ፣ የምንውጠው እኛው ነን። ለእኛ የሚጥሉት ምግብ ደግሞ የእኛኑ ጠባይ የሚያውቅ ነው። እንግዳ ሲከፋው አንወድም። ቅሬታ ሲመጣ እንደነግጣለን። ዋና ዋናዎቹን መልኮች እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው ያ የሰማችሁት ነው፤ «አካውንትዎ ሊታገድ ነው» የሚለው ማስፈራሪያ። ሁልጊዜ ጊዜ ያጥራል፤ 24 ሰዓት፣ 12 ሰዓት ይላል። ጊዜ የሚያሳጥረው እንዳናስብና ሰው እንዳንጠይቅ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ሁለተኛው እንግዳ መስሎ ይመጣል። «ፓስፖርቴን ቤትዎ ረስቻለሁ፣ ፎቶውን አያይዣለሁ»፣ ወይም «ልጄ የምግብ አለርጂ አለባት፣ ሐኪሙ የጻፈውን ይመልከቱ» ይላል። ሰው ሆኖ የማይከፍተው አለ? ፋይሉ ሲከፈት ግን በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ለቅሞ የሚልክ ፕሮግራም ይገባል። ይህ በ2023 በሆቴሎች ላይ በሰፊው የታየ ነው። የሆቴሉን አካውንት ከያዙ በኋላ በሆቴሉ ስም ለእንግዶች እየጻፉ የካርድ ቁጥር ይሰበስቡ ነበር።

ሦስተኛው አዲስ መጥ ነው። ማይክሮሶፍት በመጋቢት 2025 እንዳስታወቀው፣ በቡኪንግ ዶት ኮም ስም የተላኩ ሐሰተኛ ኢሜይሎች ሰውን ወደ አንድ ገጽ ይወስዱ ነበር። ገጹ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይልና ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ብቻ ሳይሆን ትእዛዝ ይሰጣል፤ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«አር» ጋር ይጫኑ፣ ከዚያ ይለጥፉ፣ ከዚያ «ኢንተር» ይበሉ ይላል። እንዲህ ስናደርግ ሌባውን በገዛ እጃችን ኮምፒውተራችን ላይ ጫንነው ማለት ነው። ይህችን አንድ ነገር ያዙልን፤ ሰው መሆናችንን ለማረጋገጥ ብሎ እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚያስጫነን እውነተኛ ድርጅት የለም።

አራተኛው ስልክ ይደውላል። «ከደህንነት ክፍል ነው የምደውለው፣ አካውንትዎ ውስጥ ሌባ ገብቷል። ላስወጣልዎት፣ አሁን የመጣልዎትን ኮድ ያንብቡልኝ» ይላል። ኮዱ የመጣው እኮ እሱ ራሱ ሊገባ ሲሞክር ነው! ኮድ በቃል አይነበብም። ለኩባንያውም፣ ለባንኩም፣ ደግ ድምፅ ላለው ሰውም አይነበብም።

አምስተኛው «በዋትሳፕ እንነጋገር፣ በቼክ ልክፈልዎት» የሚለው ነው። ቼኩ ከኪራዩ ይበልጣል፣ ትርፉን መልሺልኝ ይላል። ባንኩ ገንዘቡን በአንድ ሁለት ቀን አካውንታችን ላይ ሊያሳየን ይችላል፤ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ባንኩ የሚጠይቀው እኛን ነው።

«ታዲያ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን እንለየው?» ትሉ ይሆናል። ቀድሞ በእንግሊዝኛው ስህተት ይታወቅ ነበር። አሁን እንግሊዝኛቸው ከእኛ ይሻላል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጻጻፋቸውን ማሳመር ችለዋል። ስለዚህ በቋንቋው አትመኑ።

አድራሻውን ማንበብ ግን ይጠቅማል፤ ለዚህም ደግሞ እኛ ሐበሾች የምናውቀው ዘዴ አለ። የድረ ገጽ አድራሻ እንደ እኛ ስም ነው። መጀመሪያ የልጁ ስም ይመጣል፣ ቀጥሎ የአባቱ። ልጁን የፈለጉትን ስም ሊያወጡለት ይችላሉ፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚነግረን የአባቱ ስም ነው። የአድራሻው ስም የሚያበቃበትን «ዶት ኮም» ፈልጉ። ከሱ በስተግራ ተጠግቶ ያለው ስም አባቱ ነው። «ኤርቢኤንቢ ነጥብ ማረጋገጫ ነጥብ ኮም» ቢል፣ ልጁን ኤርቢኤንቢ አሉት እንጂ አባቱ «ማረጋገጫ» የተባለ የማናውቀው ሰው ነው። «ኤርቢኤንቢ» ከሚለው ጋር በሰረዝ ተያይዞ ሌላ ቃል ካለም ሌላ ሰው ነው። ይህን ዘዴ ልጆቻችንም ወደዱት።

ነገር ግን በስልክ ጠባብ ገጽ ላይ አድራሻው ተቆርጦ ሊታይ ይችላል፤ ከፈረቃ ስንወጣም ዓይናችን ይደክማል። ስለዚህ ከሁሉ የምትበልጠውን አንዲት ልማድ እንስጣችሁ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህቺ አትረሳ። ሰው በላከልን በር ወደ ቤታችን አንገባም፤ በራሳችን በር እንገባለን። ኢሜይሉ እውነተኛ ቢመስልም ሊንኩን አንነካም። ዘግተነው፣ በስልካችን ላይ እኛው የጫንነውን አፕ ከፍተን እንገባለን። እውነተኛ ቅሬታ ካለ እዚያው ውስጥ ተጽፎ እናገኘዋለን። እዚያ ከሌለ ብዙውን ጊዜ የለም ማለት ነው፤ ጥርጣሬ ካደረብን ደግሞ በዚያው አፕ ውስጥ ካለው የእርዳታ ቦታ እንጠይቃለን። እንግዳም በአፑ ውስጥ ጽፎ ሊንክ ወይም ፋይል ቢልክ አንከፍትም። «ይቅርታ፣ ፎቶውን እዚሁ መልእክቱ ላይ ያድርጉልኝ» ብሎ መመለስ ነውር አይደለም። ሊንኩን ሳይነኩም መልካም አስተናጋጅ መሆን ይቻላል።

ከዚህ ጋር ቤታችንን እናጽና። ሦስታችን ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን ያደረግነውን እንንገራችሁ፤ ሁሉም ተደምሮ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ አለቀ።

መጀመሪያ የኢሜይላችንን የይለፍ ቃል ቀየርን። ለምን ከኪራይ አካውንቱ በፊት ኢሜይሉን? ምክንያቱም ኢሜይሉን የያዘ ሰው «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» እያለ ሌላውን ሁሉ መክፈት ይችላል። ቀጥሎ የኪራይ አካውንቱን ቀየርን። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ በሌላ ቦታም አንጠቀምባቸውም። የልጅ ስምና የልደት ዓመት የሚባል ነገር ቀረ። ረጅም አድርገን፣ በደብተር ጽፈን፣ ደብተሩን የወርቃችን ማስቀመጫ ውስጥ አኖርን። ደብተር አይሰረቅም ማለታችን አይደለም፤ ሩቅ አገር ያለ ሌባ ግን አያገኘውም።

ቀጥሎ ሁለተኛውን መቆለፊያ አበራን። የይለፍ ቃሉን የሰረቀ ሰው ያለ ኮዱ እንዳይገባ ነው። ሆኖም እንደሰማችሁት ሐሰተኛ ገጽ ኮዱንም ይለምናል፤ ስለዚህ ኮዱ ብቻውን አያድንም። «ፓስኪ» የሚባለው፣ በጣት አሻራ ወይም በፊት የሚከፈተው፣ ባለበት ቦታ ይሻላል። እሱ የሚሠራው በእውነተኛው ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ብንታለል እንኳ እሱ አይታለልም።

ከዚያ ሦስት ትንንሽ ነገሮች አደረግን። ልጃችን ወይም እህታችን በሥራው ሲያግዙን የይለፍ ቃላችንን መስጠት ትተን፣ «ረዳት አከራይ» አድርገን በራሳቸው ስም አስገባናቸው። የበሩን ኮድ እንግዳ በወጣ ቁጥር እንቀይራለን። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ደግሞ አፑን ከፍተን ገንዘባችን የሚገባበት ባንክ የራሳችን መሆኑን እናያለን። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ደግሞ ከተነካ በኋላስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የመጀመሪያዋ ሰዓት ውድ ናት። ካላመናችሁት ኮምፒውተር ተነሱ፤ ሌላ ስልክ ያዙ። ኢሜይላችሁን ቀይሩ፣ «ከሁሉም መሣሪያ አስወጣ» የሚለውን ተጫኑ። በኢሜይሉ ውስጥ መልእክታችሁን ወደ ሌላ ሰው የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ሌባው ትቶ እንደሆነ እዩ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በአፑ ውስጥ ካለው የእርዳታ ቦታ ለኩባንያው ንገሩ። በጉግል ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን ስልክ አትደውሉ፤ እዚያም ሌቦች የራሳቸውን ቁጥር ያስቀምጣሉ። በካርዳችሁ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ደውላችሁ ለባንካችሁ አሳውቁ። የበሩን ኮድ ቀይሩ። ለሚመጡት እንግዶች «ከእኔ የመጣ የክፍያ ጥያቄ ካለ አይክፈሉ» በሏቸው። ከመሰረዛችሁ በፊት የሁሉንም ነገር ፎቶ ከስክሪኑ ላይ አንሱ።

የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተሰጥቶ ከሆነ፣ በሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች፣ ማለትም በኤኩፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ክሬዲታችሁን አስቆልፉ። ከመስከረም 2018 ወዲህ በፌዴራል ሕግ ይህ በነፃ ነው፤ «50 ዶላር ክፈይ» የሚላችሁ ካለ እሱም ሌላ ሌባ ነው። የማጭበርበሪያ ቴክስት ሲመጣ ወደ 7726 አስተላልፉት። ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1-877-382-4357 ማመልከት ይቻላል፤ ኤፍቢአይም የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ የሚቀበልበት የራሱ ማዕከል አለው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራት እህት ብቻዋን አትደውል፤ አብረን እንደውላለን።

ወደ ማጠቃለያው እንመጣለን።

ባለፈው ነሐሴ ከአባሎቻችን በዕድሜ ትልቋ ወደ እኛ ደወሉ። «ልጆቼ፣ ስልኬ ላይ አንድ ነገር መጥቶብኛል፤ ልንካው ወይስ አልንካው?» አሉን። «ምን ይላል እትዬ?» «ቅሬታ መጥቶብሻል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አረጋግጪ ይላል መሰለኝ።» «እትዬ፣ እንዳይነኩት። ቡናዎን አፍልተው ይጠብቁን፣ መጣን» አልናቸው። ሄደን አየነው። በመጋቢት የመጣው ያው ማስፈራሪያ ነበር። በአፑ ስንገባ ምንም ቅሬታ የለም። ሰረዝነውና ቡናችንን ጠጣን።

እትዬ ስለ ኮምፒውተር ከእኛ አብልጠው አያውቁም። ያቺ እህታችን ደግሞ ከእሳቸው የበለጠ ታውቅ ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ አንዷ ጠየቁ፣ አንዷ ደበቀች። ሌባው የሚተማመነው በሁለት ነገር ነው፤ በመቸኮላችንና በማፈራችን። መቸኮሉን እያንዳንዳችን በየቤታችን እንታገለው። ማፈሩን ግን ብቻውን የሚያሸንፈው ሰው የለም፤ ለእሱ ነው ማኅበር ያለን።

ማኅበራችን ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተክላል፣ አራስ ስትኖር ገንፎ ይዞ ይሄዳል። ለቅሶ የደረሰባትን «ምነው ሳትጠነቀቂ!» የሚል ሰው የለም፤ ይደርሳታል እንጂ። የተሰረቀችም እህት እንደዚያው ትታይልን። ስለዚህ ለሰብሳቢዋና ለአባላቱ አንድ ሐሳብ አቅርበናል። ሦስታችን ተራ ገብተን ስልካችንን ክፍት እናደርጋለን። ሌሊት ከፈረቃ የምትገቡ በሌሊት ደውሉ። «ልንካው ወይስ አልንካው?» በሉን። መልሱን ባናውቀው እንኳ አብረን እንፈልገዋለን፤ እስከዚያ ማንም ምንም አይነካም። ቀድሞውኑ የነካችም ብትኖር፣ ትናንትም ቢሆን፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደብቃው የኖረችም ብትሆን ትደውልልን። አንፈርድባትም። ከሦስታችን አንዷ እንደነካች ነግረናችኋል።

ስልክ ቁጥራችን በበሩ አጠገብ በወረቀት ተጽፏል፤ ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ። አሁን ቡናው ደርሷል። ስልካችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ሁለተኛውን መቆለፊያ ያላበራችሁ ካላችሁ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ እናበራላችኋለን።

 እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ።